ኖይዝ ከየት ይመጣል? በጧፍና በአምፖል ብርሃን ለሚሠሩ ፎቶ አንሺዎች የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ውላችሁ በዚህ ሰዓት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የዛሬው ጉዳያችን ኖይዝ ነው፤ ፎቶው ላይ፣ በተለይ ጨለም ባለው ክፍል፣ የሚወጣው ሻካራ ነጠብጣብ፣ አንዳንዴም ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ፊት ላይ የሚበተነው።

በሙያችን በብዛት የሚሰማው ምክር «አይኤስኦ አትጨምር፣ ኖይዝ ያመጣል» የሚል ነው። አይኤስኦ ካሜራው የሰበሰበውን ብርሃን የሚያጎላበት መጠን ነው። ይህ ምክር ያዳነው ፎቶ የለም አልልም፤ ያበላሸው ግን ይበዛል። የትንሣኤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይኤስኦ 800 ላይ ተቆልፎ ይቀራል፣ የሰው ፊት ይጨልማል፣ በማግስቱ ኮምፒውተር ላይ እንዲበራ ይደረጋል፣ ያኔ 3200 ላይ ቢነሳ ሊኖረው ከሚችለው የባሰ ኖይዝ ይዞ ብቅ ይላል። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለመረዳት ከምንጩ መጀመር አለብን።

ብርሃን ወደ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃን ወደሚቀበለው ክፍል) የሚደርሰው ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ነው፤ ቅንጣቶቹ የሚደርሱበት ጊዜም ሥርዓት የለውም። ግቢ ውስጥ አፋቸው እኩል የሆነ መቶ ጣሳ ደርድራችሁ ዝናብ ቢያካፋ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብትቆጥሩ በሁሉም ጣሳ እኩል ጠብታ አታገኙም። አንዱ ሰባት፣ አንዱ አሥራ ሁለት ይይዛል፤ ዝናቡ ግን በግቢው ሁሉ እኩል ነበር። ፒክስሎችም እንዲሁ ናቸው። አንድ ወጥ ግራጫ ግድግዳ ብታነሱ እንኳ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፒክስሎች እኩል ፎቶን አይቆጥሩም። ያ ልዩነት ነው ኖይዝ ሆኖ የሚታየው። የትኛውም ካሜራ፣ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ ከዚህ አያመልጥም፤ የብርሃን የራሱ ጠባይ ነውና።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ግን አስቀድሞ ይታወቃል፤ የተቆጠረው ብዛት ስኩዌር ሩት ነው። አንድ ፒክስል 10,000 ፎቶን ከቆጠረ መዋዠቁ 100 ገደማ ነው፤ ከመቶ አንድ እጅ ስለሆነ ዓይን አያየውም። 100 ብቻ ከቆጠረ መዋዠቁ 10 ነው፤ ከመቶ አሥር እጅ፣ በግልጽ ይታያል። 9 ከቆጠረ መዋዠቁ 3 ነው፤ የብርሃኑ ሲሶ ኖይዝ ሆነ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ብርሃን ሲጨምር ኖይዙ በቁጥር ይጨምራል፤ ምስሉ ግን ከእሱ ይበልጥ ፈጥኖ ስለሚያድግ ኖይዙን ይውጠዋል። ስለዚህ ብርሃኑን አራት እጥፍ ስታደርጉ ንጽሕናው ሁለት እጥፍ ይሆናል። ይህን አንድ ሒሳብ ያዙልኝ፤ ዛሬ የምንናገረው ሁሉ ወደዚህ ይመለሳል።

በዚህ ላይ ካሜራው የራሱን ይጨምራል። ከፒክስሉ የተሰበሰበው ቻርጅ ተነብቦ ወደ ቁጥር ሲለወጥ ኤሌክትሮኒክሱ ጥቂት ስሕተት ያስገባል። በዛሬዎቹ ካሜራዎች ይህ የንባብ ኖይዝ በፒክስል ጥቂት ኤሌክትሮን ብቻ ነው። ሦስት ነው እንበል። 10,000 በቆጠረው ፒክስል ላይ ሦስት ምንም አይደለም። 9 በቆጠረው ላይ ግን ከብርሃኑ መዋዠቅ ጋር እኩል ሆነ። ጥላው ውስጥ ሁሉም ነገር አብሮ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አይኤስኦ እንምጣ። አይኤስኦ ወደ ሴንሰሩ የሚገባውን ብርሃን አይጨምርም፣ አይቀንስም። ብርሃኑን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ቦታው ላይ ያለው ብርሃን፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) እና ሸተር ስፒዱ (ሸተሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ)። አይኤስኦ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተሰበሰበውን ያጎላል። አይኤስኦ 6400 ላይ የተነሳ ፎቶ ኖይዝ የሚበዛበት 6400 ስለተባለ ሳይሆን፣ 6400 የሚያስፈልግበት ቦታ መጀመሪያውኑ ብርሃን ስለሌለው ነው። እንዲያውም በብዙ ካሜራዎች አይኤስኦ ከፍ ሲል የንባብ ኖይዙ ከብርሃኑ አንጻር ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ማጉላቱ የሚሠራው ቀጥሎ ያሉት የንባብ ደረጃዎች የራሳቸውን ስሕተት ከማስገባታቸው በፊት ነው። ሶኒ ኤ7 3ን የመሰሉ ሴንሰሮች ደግሞ ሁለት የማጉያ ደረጃ አላቸው፤ በዚህ ካሜራ ሁለተኛው 640 ላይ ይጀምራል፤ ስለዚህ 640 ላይ ያለው ጥላ 500 ላይ ካለው የጠራ ነው። ካሜራችሁ እንዲህ ያለ ደረጃ ካለው የት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

በቃል አትመኑኝ፣ ቤታችሁ ሞክሩት። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጉ፣ ማኑዋል ላይ አስገቡ፣ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረውን ፋይል) አንሱ። በክፍሉ መብራት በኤፍ 4 እና በ1/60 ሰከንድ ትክክለኛው አይኤስኦ 3200 ሆነ እንበል። ሌላውን ሳትነኩ አንዱን በ3200፣ አንዱን በ800፣ አንዱን በ200 አንሱ። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ የ800ውን ኤክስፖዠር በ2 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)፣ የ200ውን በ4 ስቶፕ ከፍ አድርጉና ጥላ ያለበትን ቦታ ጎን ለጎን እዩ። የ3200ው እኩል ወይም የተሻለ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ የ200ው ከሌሎቹ አይበልጥም፤ በቆዩ ካሜራዎች ላይ እንዲያውም ጥላው ውስጥ መስመር ያወጣል። ከዚያ አራተኛ ፎቶ አንሱ፤ አይኤስኦ 200፣ ኤፍ 4፣ 1/4 ሰከንድ። አሁን ፎቶው ንጹሕ ነው። ከመጀመሪያው የ200 ፎቶ ጋር አይኤስኦው አንድ ነው፤ የተለወጠው የገባው ብርሃን ነው፣ 15 እጥፍ።

ጥላ ውስጥ ስለሚወጣው መስመር ባጭሩ ልናገር። በዘፈቀደ የተበተነ ኖይዝን ዓይን ይታገሣል፤ ተሰልፎ የሚመጣን ግን አይታገሥም። በፈረንጆቹ 2008 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 እና የዘመኑ ሌሎች የካኖን ካሜራዎች በዝቅተኛ አይኤስኦ ጥላቸው ሲበራ በዚህ ይታወቃሉ። ካኖን ንባቡን ሴንሰሩ ውስጥ ማድረግ ከጀመረ፣ ከፈረንጆቹ 2016 ወዲህ በወጡት እንደ 5ዲ ማርክ 4 እና 80ዲ ባሉት፣ ችግሩ በእጅጉ ቀንሷል። እነዚያን የቆዩ ካሜራዎች አሁንም የምትሠሩባቸው ካላችሁ፣ ፎቶን አጨልሞ አንስቶ በኋላ ማብራት ለእናንተ ፈጽሞ አይሆንም።

አይኤስኦ መጨመር ዋጋ አለው፤ ግን ብዙ ሰው የሚያስበው ዋጋ አይደለም። በአንድ ስቶፕ ከፍ ባላችሁ ቁጥር በደማቁ በኩል አንድ ስቶፕ ታጣላችሁ። የጧፉ ነበልባል፣ የነጠላው ነጭ፣ የወርቅ መስቀሉ ጫፍ ተቃጥለው ይቀራሉ። ስለዚህ ውሳኔው የሚሆነው «የትኛውን ደማቅ ነገር ማጣት እችላለሁ?» በሚለው ነው። ነበልባሉ ቢነጣ ማንም አይከፋም። የእናት ነጠላ ላይ ያለው ጥበብ ቢጠፋ ግን ባለቤቷ ታየዋለች።

ነጠላን ካነሣን እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በአገራችን ፎቶዎች ፊት ላይ የሚታየው ኖይዝ አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል። የካሜራው መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ፍሬሙ በነጭ ልብስ ሲሞላ፣ በጥምቀት ወይም በሠርግ እንደሚሆነው፣ ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፣ አንድ ስቶፕ ወይም ከዚያ በላይ። ነጩ ግራጫ ይሆናል፤ ጠይሙ ፊት ደግሞ ነጠላው ከጣለበት ጥላ ጋር ተደምሮ ጥቂት ፎቶን ብቻ ወደሚቆጠርበት ቦታ ይወርዳል። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ፊቱ ተለይቶ ሲበራ ኖይዙ አብሮ ይበራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ነጭ ሲበዛ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ካሜራው የመረጠውን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ) +1 አድርጉ፣ ሂስቶግራሙ (ከጨለማ እስከ ደማቅ ያለውን ብርሃን የሚያሳየው ግራፍ) ቀኝ ጫፍ ላይ እስካልተከመረ ድረስ ትንሽ ጨምሩም። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ሂስቶግራም ከጄፔግ የሚሠራ ስለሆነ ሮው ፋይሉ ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ቦታ አለው። በጨለማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ከጀርባ ያለው ጨለማ መለኪያውን ያታልልና በብርሃን ያሉት ፊቶች ይቃጠላሉ። እዚያ ማኑዋል ሁኑና በስፖት መለኪያ (አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ በሚለካው) ፊቱን ራሱን ለኩ።

እንግዲህ የትንሣኤን ሌሊት እንውሰድ፤ ወይም ላሊበላ ላይ የገናን ሌሊት፣ ሒሳቡ አንድ ነው። በጧፍ የበራ ፊት ላይ ያለው ብርሃን የቀትር ፀሐይ ካለው በሁለት ሺህ እጥፍ ገደማ ያንሳል። በኤፍ 1.8 ሌንስ፣ በ1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 3200 አካባቢ ይበቃችኋል። ከካሜራው ጋር በሚመጣው ዙም ሌንስ፣ 50 ሚሊሜትር ገደማ ስትደርሱ አፐርቸሩ 5.6 ስለሚሆን፣ ያው ሸተር ስፒድ 30,000 አይኤስኦ ይጠይቃችኋል። በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ከዘጠኝ እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ብር ካላችሁና አዲስ ካሜራ ልግዛ ወይስ ሌንስ ብላችሁ የምትጠይቁኝ ከሆነ፣ መጀመሪያ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ግዙ። ከክሮፕ ሴንሰር (ከትንሹ) ወደ ፉል ፍሬም (ወደ ትልቁ) መሄድ የሚሰጣችሁ የስፋት ጭማሪ ከ367 ወደ 864 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ ሁለት እጥፍ ከሩብ ትንሽ ይበልጣል። ሌንሱ ዘጠኝ ይሰጣል፣ በጣም ባነሰ ዋጋ።

ኤፍ 1.8 የሚያስከፍለው የፎከስ ጥልቀት ነው። በፉል ፍሬም፣ በ50 ሚሊሜትር፣ ከ2 ሜትር ርቀት 17 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ጥርት ይላል። አንድ ሰው ይበቃል፣ ሦስት ረድፍ ዘማሪ አይበቃም። ለቡድን ፎቶ ወደ ኤፍ 4 መሄድና የጠፋውን በአይኤስኦ መሙላት ግድ ነው፤ ሙሉት፣ አትፍሩ።

ሸተር ስፒድ ላይ ደግሞ የሚያነሱትን ነገር ተከተሉ። ቆሞ የሚጸልይ ሰው በ1/60 ይያዛል። መቋሚያ ይዘው እየተወዛወዙ የሚያሸበሽቡ ካህናት 1/125 እስከ 1/250 ይፈልጋሉ። የሠርግ እስክስታ 1/500። የሌንሱ ማረጋጊያ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ እንጂ የሰውየውን እንቅስቃሴ አያቆምም፤ ይህን የሚያደናግሩ ብዙዎች ናቸው። ኖይዝ ያለበት ጥርት ያለ ፎቶ በኋላ ይታከማል። የተንቀሳቀሰ ፊት አይታከምም።

ቅርበትም ብርሃን ነው። ጧፉ ከፊት 30 ሴንቲሜትር ሲርቅና 60 ሲርቅ ልዩነቱ አራት እጥፍ ነው፤ ሁለት ስቶፕ። ስለዚህ ታገሡ፤ ሰዎች ብርሃኑን ከጧፍ ወደ ጧፍ ሲቀባበሉ ፊታቸው ወደ ነበልባሉ ይጠጋል፣ ያን ጊዜ ጠብቁ። ፍላሽ ማብራት ጸሎቱን ይረብሻል፤ ልታነሱት የመጣችሁትን ብርሃንም ያጠፋዋል።

ቀለሙን በሚመለከት፣ የጧፍ ብርሃን 1900 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ ሰማያዊ ከውስጡ የለም ማለት ይቻላል። በአብዛኞቹ ሴንሰሮች ላይ ከአራት ፒክስል ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊው ምንም ሳያገኝ ውሎ እናንተ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ነጩ ፍጹም ነጭ እስኪሆን ብትስቡት፣ ሶፍትዌሩ ያንን ባዶ ቻናል በብዙ እጥፍ ያባዛዋል፤ ቀለም ያለው ኖይዝ የሚፈላው ከዚያ ነው። 2600 ወይም 2800 ኬልቪን ላይ ተዉት። ሞቅ ያለው ቀለም የሌሊቱ እውነተኛ ቀለም ነው።

የሠርግ አዳራሽ ተቃራኒው ችግር አለበት። ዲጄው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ኤልኢዲ ሲያበራ የሚሠራው ከአራቱ ፒክስል አንዱ ወይም ሁለቱ ነው፤ ካሜራው በቂ ብርሃን እንዳለ ቢነግራችሁም ፊቱ ሻካራና ዝርዝር የሌለው ይሆናል። ይህን ኖይዝ መቀነሻ አይፈታውም። ፍላሽን ወደ ጣሪያ አንፀባርቁ፤ ጣሪያው ጥቁር ወይም ሩቅ ከሆነ ትንሽ ኤልኢዲ ከጎን ያዙ፤ ሁለቱም ካልሆነ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት፣ ኖይዙ ያኔ የሚያስቀይም አይሆንም። በዚያው አዳራሽ ፎቶውን አግድም የሚያቋርጥ ጥቁርና ብሩህ ዝርግ መስመር ካያችሁ ያ ኖይዝ አይደለም፤ የመብራት ብልጭታ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይወጣል ይወርዳል። ኤሌክትሮኒክ ሸተሩን አጥፉ፣ 1/50 ወይም 1/100 ላይ አንሱ።

ሙቀትም የራሱ ኖይዝ አለው፤ ረጅም ኤክስፖዠር ለሚሠሩ ብቻ የሚያሳስብ ነው። ሴንሰሩ ብርሃን ባይገባበትም በሙቀት የተነሳ ኤሌክትሮን ያፈልቃል፤ ይህም በየ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ እጥፍ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ላይ በ10 ዲግሪ ኮከብ ያነሳችሁበት ካሜራ ዳናኪል ላይ በ35 ዲግሪ ከስምንት እጥፍ በላይ ያፈልቃል፤ ጥቁሩ ሰማይ ላይ የማይንቀሳቀሱ ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ ነጥቦች ታያላችሁ። ላይቭ ቪው (ትዕይንቱን በካሜራው ስክሪን ማየት) ሴንሰሩን ስለሚያሞቅ ሳያስፈልግ አታብሩት። በካሜራው ሜኑ ውስጥ ያለው የረጅም ኤክስፖዠር ኖይዝ መቀነሻ ሸተሩን ዘግቶ እኩል ርዝመት ያለው ሁለተኛ ፎቶ ያነሳና ከመጀመሪያው ይቀንሳል፤ 4 ደቂቃ ካነሳችሁ ሌላ 4 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። የኮከብ ዱካ በተከታታይ ስታነሱ ግን አጥፉት፤ በየመሐሉ ክፍተት ይተዋል።

ነገሩ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ከሁሉም የምወደው መንገድ መደራረብ ነው። ትራይፖድ ላይ 16 ፎቶ አንሱና አማካያቸውን ውሰዱ፤ ኖይዙ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ያ ስኩዌር ሩት ነው። ፎቶሾፕ ላይ ፋይሎቹን በስታክ አስገቡ፣ እንዲያስተካክላቸውና ስማርት ኦብጀክት እንዲያደርጋቸው ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ስታክ ሞድን «ሚን» (Mean፣ አማካይ) ወይም «ሚዲያን» (Median፣ መካከለኛ ዋጋ) አድርጉት። ሚዲያን በመሐል ያለፈን ሰውም ያጠፋል። ስልካችሁ በማታ ሁነታ ጥቂት ሰከንድ «አትንቀሳቀስ» የሚላችሁ ይህንኑ ሊሠራ ነው። የብዙ ስልኮች ዋና ሴንሰር 100 ካሬ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ያለዚህ ዘዴ ማታ ላይ ምንም አይሆንም ነበር። ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፉ፣ ሰውየውም ትንፋሹን ይያዝ።

ኮምፒውተሩን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። ላይትሩም ከሚያዝያ 2023 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ ያለው በኤአይ የሚሠራው «ዲኖይዝ»፣ እንዲሁም የዲኤክስኦ «ዲፕፕራይም» በእውነት ድንቅ ናቸው፤ 12,800 ላይ የተነሳ ፎቶን ለደንበኛ የሚሰጥ ያደርጉታል። ሮው ፋይል ይፈልጋሉ፤ ከማንኛውም ማረም በፊት ተጠቀሙባቸው። ላይትሩም 50 ላይ ያቀርብላችኋል፤ ለፊት ከ30 እስከ 40 ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ቆዳው ፕላስቲክ ይመስላል። ኤአይ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ያላችሁ፣ በነፃ የሚገኘው ዳርክቴብል በየካሜራው የተለካ ኖይዝ መቀነሻ አለው። በላይትሩም በእጅ ስትሠሩ የቀለሙን ኖይዝ በ25 ተዉት፤ ብዙ ስትጨምሩ የጥበቡ ቀይና አረንጓዴ እርስ በርሱ ይፈስሳል። ሉሚናንሱን (የብርሃንና ጨለማውን ኖይዝ መቀነሻ) ከ20 እስከ 30 አድርጉ። ሻርፕኒንግ (ምስሉን ይበልጥ ስል ማድረጊያ) ላይ አልት ቁልፉን ይዛችሁ ማስኪንጉን ጎትቱ፤ ጥቁር የሆነው ቦታ አይሳልም፣ ስለዚህ ኖይዙን አትስሉትም።

አንድ ቦታ ግን ኤአይን አጥብቄ እከለክላለሁ፤ የብራና ጽሑፍ፣ የድንጋይ ጽሕፈት፣ የቆየ ሰነድ ስታነሱ። ፊደላችን በትንሽ ጭረት ነው የሚለየው፤ «ለ» እና «ሉ» መካከል ያለው አንዲት ቅጥያ ናት። ኤአዩ ኖይዝ ውስጥ ያላየውን በግምት ይሞላል፤ ጭረት ሊያጠፋ፣ ሊጨምርም ይችላል፤ አንባቢው ደግሞ ፎቶውን አምኖ ያነባል። እዚያ ትራይፖድ፣ ዝቅተኛው አይኤስኦ፣ ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ሁለት መብራት፤ ብርሃን ካነሰ መደራረብ።

በመጨረሻ፣ በ100 ፐርሰንት አጉልታችሁ አትጨነቁ። 6000 በ4000 ፒክስል ያለው ፎቶ ተራ ስክሪን ላይ እንደዚያ ሲታይ 1 ሜትር ተኩል የሚሰፋ ሕትመትን በቅርብ እንደማየት ነው። ወደ 2000 ፒክስል ስታሳንሱት ዘጠኝ ፒክስል አንድ ይሆናል፣ ኖይዙም ወደ ሲሶ ይወርዳል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩ፤ ጄፔግ ኖይዝን እንደ ዝርዝር ቆጥሮ ሊያሸክፈው ሲሞክር ነው ፊቱ የሚሰባበረው። ለአልበም የምታትሙ ከሆነ ደግሞ፣ ከፎቶው ፊት ያለበትን ቦታ በሚታተምበት ትክክለኛ መጠን ቆርጣችሁ በ10 በ15 ወረቀት ላይ አሳትሙ፣ አንዱን ኖይዝ ቀንሳችሁ፣ አንዱን ሳትቀንሱ። የክንድ ርቀት ላይ አድርጋችሁ እዩና ያኔ ወስኑ።